አንድ ከዚህ፣ አንድ ከዚያ

የጋሽ ሮቤል ሬሳ ቀድሞን ሄደ። እኛ ቀባሪዎቹ ገና ጉሮሮ ላይ ቆመናል።

ጉሮሮ የምንለው ከምሥራቅ የሚመጡት ሁለት መስመሮች አንድ የሚሆኑበትን ቦታ ነው። በካርታ ላይ «መጋጠሚያ አሥራ አራት» ይባላል፤ እንደዚያ ብሎ ሲጠራው የሰማሁት ሰው ግን የለም። በቀኙ መስመር ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ደረጃ የተሰጣቸው መኪኖች ይመጣሉ፣ በግራው ከአራተኛ እስከ ስድስተኛ። ከቀኝ አርባ ሲያልፍ ከግራ አንድ ይገባል። ይህን የሚወስነው በየመኪናው ፊት የተተከለው ተራ አስከባሪ ነው። ስሙን የወረሰው ድሮ ታክሲ መያዣ ላይ ቆመው ሹፌሮችን በየተራ ከሚያስጭኑ ጎረምሶች ነው። እነሱ ሲጮኹና ሲሳደቡ ይውሉ ነበር። የአሁኑ አይሳደብም። «ተራዎ አይደለም፤ ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን» ይላል፣ በቀን ሁለት መቶ ጊዜ። እንደኔ እንደኔ ቢሳደብ ይሻል ነበር።

የሬሳ መኪና በጤና ደንቡ መሠረት አንደኛ ደረጃ ነው። ሐዘንተኛ የጫነ መኪና ደግሞ «ማኅበራዊ ጉዞ» ተብሎ ስድስተኛ ነው። የቀዘቀዘ ሥጋ ሁለተኛ ነው፣ የቢሮ ዕቃ ሦስተኛ። ስለዚህ ከዘጠኝ ዓመት ወዲህ በዚህ ከተማ ሟች ብቻውን ይደርሳል። መቃብሩም የራሱ ተራ አለው፤ ለአንድ ሰው ሃያ አምስት ደቂቃ። ሐዘንተኛው ሲደርስ የሚጠብቀው የተደለደለ አፈር ነው። መጀመሪያ ላይ ሰው እዬዬ አለ፣ ማመልከቻ ጻፈ፣ ከዚያ ለመደው። አንዳንዱ ልቅሶውን ቤቱ ጨርሶ ይመጣል። አንዳንዱ ከነጭራሹ አይመጣም።

እኔ ማኅደር እባላለሁ፤ የእድራችን አውቶቡስ ሹፌር ነኝ። ዕድሜዬ ሃምሳ ስምንት ነው። በመንጃ ፈቃዴ ላይ «ተራ ማባከን» የሚሉ ሁለት ጥፋቶች ተመዝግበዋል። ተራ ማባከን ማለት መሪሽ ላይ ያለው ቀለበት አረንጓዴ ሆኖ ከአራት ሰከንድ በላይ ሳትንቀሳቀሺ መቅረት ነው። የመጀመሪያው ውሻ ሲሻገር የተመዘገበብኝ ነው። ሁለተኛው እዚሁ ጉሮሮ ላይ አንዲት ሴት መንገድ ዳር ልጇን ስትገርፍ ዓይቼ ፈዝዤ ነው። ሦስተኛው መንጃ ፈቃድ ያስነጥቃል።

የሞቱት ጋሽ ሮቤል መንዳት ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። ድሮ፣ ተራ አስከባሪው ሳይመጣ፣ ታክሲ ይነዱ ነበር። ፍሬንና መሪውን በሁለት ሳምንት አሳዩኝ፤ መንገድ መለመንን ለማስተማር ግን ዓመት ፈጀባቸው። «እጅሽን በመስኮት ታወጫለሽ» ይሉኝ ነበር። «መዳፍሽን ወደ መሬት አድርገሽ ቀስ እያልሽ ታወዛውዢዋለሽ፣ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው። ከዚያ ዓይኑን ፈልጊ። ዓይንሽን ያየ ሰው መዝጋት ይከብደዋል። ለዚህ ነው የማያስገባሽ ሹፌር አንገቱን ገትሮ ፊት ፊቱን ብቻ የሚያየው። ካስገባሽ ደግሞ እጅሽን አንሥተሽ አመስግኚው፤ ነገ ሌላውን ያስገባል።»

ድሮ ጥሩ ነበር እያልኩ አይደለም፤ እኔ ውሸት አልወድም። ድሮ ክፉ ነበርን። በእግረኛ መንገድ ላይ ወጥቶ የሚቀድም ነበር፣ ወረፋውን ጠርዝ ጠርዙን አልፎ መጨረሻ ላይ አፍንጫውን የሚያስገባ ነበር። አንዱን ካስገባሁ አሥር ይገባብኛል ብሎ ለአምቡላንስ የማይለቅ ሁሉ ነበር። ተራ አስከባሪው የመጣ ቀን ያጨበጨብነው እኛው ነን። እኔም አጨብጭቤያለሁ። መስኮት መክፈት ሲከለከል፣ ለአየሩ ጥራት ነው ሲባል፣ እሰይ ከስድብ ተገላገልን ብዬ መስታወቴን ያስጠቆርኩት እኔ ራሴ ነኝ።

ዛሬ ዛሬ ጉሮሮ ላይ ሰው የሚኖር ይመስላል። ሹሩባ የሚሠራ አለ፣ የሚላጭ አለ፣ ጎመን የሚቀነጥስ አለ። የጎረቤቴ ልጅ መቁጠር የተማረችው ከፊታችን ያሉትን መኪኖች እየቆጠረች ነው። ጎንሽ ያለው መኪና ውስጥ ማን እንዳለ ግን አታውቂም። ዓመቱን ሙሉ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ቆመሽ የፊቱን መልክ አታውቂውም።

የዚያን ቀን ከቀኑ ሰባት ሰዓት ከሃምሳ ነበር። የጋሽ ሮቤል የመቃብር ተራ ከስምንት ተኩል እስከ ለዘጠኝ አምስት ጉዳይ ነው። ከጉሮሮ እስከ መቃብሩ አሥራ አምስት ደቂቃ ያስኬዳል። አውቶቡሱ ውስጥ ሠላሳ አንድ ሰው አለ፣ ከኋላችን የጋሽ ሮቤልን ልጆች የያዙ ሦስት መኪኖች አሉ። ተራ አስከባሪውን ስንት ይፈጅብናል ብዬ ጠየቅኩት። «ሰባ ደቂቃ» አለ።

ከኋላዬ የተቀመጡት ባለቤታቸው እትዬ ሕሊና ናቸው። ከጠዋት ጀምሮ አላለቀሱም ነበር።

«ማሂ፣ እንደርሳለን?» አሉኝ።

«አንደርስም እትዬ።»

«ስንት ያጎድለናል?»

«ሃያ ደቂቃ።»

 ከእሳቸው ጎን የእድራችን ሊቀመንበር ጋሽ ናትናኤል ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው መሬት መሬቱን ያያሉ። እሳቸው በእንዲህ ያለ ቀን የማንንም ፊት አያዩም። ምክንያቱን ሁላችንም እናውቃለን፤ አንናገረውም እንጂ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት የመንገድ ባለሥልጣኑ ቅጽ አምጥቶ «የቀብር ጉዞ ተሽከርካሪ ብዛት» ብሎ ሲጠይቅ የሞሉት እሳቸው ናቸው። የእድር ሰው ንብረት መቁጠር ልማዱ ነው፤ ድንኳን ይህን ያህል፣ ድስት ይህን ያህል፣ አግዳሚ ይህን ያህል። ጋሽ ናትናኤልም የእድሩን ንብረት ቆጥረው፣ የሬሳ መኪናችን አንድ ነውና «አንድ» ብለው ጻፉ፤ ደንቡም የቀብር ጉዞ ያለው ያቺን አንዷን ብቻ ሆነ። ሐዘንተኛ የሚመጣበት መኪና የእድሩ ንብረት አይደለማ! አውቶቡሱም ያኔ አልተገዛም። የእኛ እድር መጀመሪያ የተመዘገበ ስለሆነ የከተማው እድር ሁሉ የእኛን ቅጽ ገለበጠ። ከዚያ ስድስት ጊዜ ማስተካከያ ጠየቁ። ስድስቱንም ጊዜ «ቅጹ በተጠየቀው መሠረት ተሞልቷል» የሚል መልስ መጣ።

«አርባ ሁለት ዓመት የጠበቀኝ እሱ ነው» አሉ እትዬ ሕሊና፣ ለማንም ሳይሆን። «ከሥራ ስወጣ በር ላይ፣ ስወልድ ኮሪደር ላይ፣ ስታመም እግሬ ሥር። አንድ ቀን እንኳን ትቶኝ አልሄደም።» ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ አሉ። «ብቻውን አይገባም፣ ማሂ። ሰማሽኝ? ብቻውን አፈር አይገባም።»

ድምፃቸው የሐዘን አልነበረም። የቁጣ ነበር፣ እኔም ላይ የተጋባው ያ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰው ቀብሩ ላይ ሳላደርስ ስመለስ የኖርኩት ሴት፣ ተናደድኩ። የአውቶቡሳችን መሪ በስተቀኝ ነው፤ በጎኔ ያለውን መስኮት ከፈትኩት።

የመኪና ጭስና የሞቀ አስፋልት ሽታ ገባ። «መስኮት ክፍት ነው» አለ ተራ አስከባሪው። እጄን አወጣሁ። መዳፌን ወደ መሬት አድርጌ ማወዛወዝ ጀመርኩ።

ከቀኜ አንዲት ሰማያዊ መኪና ነበረች። መስታወቷ ጥቁር ነው። ትንሽ ቆይቶ ሁለት ጣት ያህል ወረደ፣ ከዚያ ግማሽ ድረስ። አንድ ወጣት ጥፍሩን እየቆረጠ ነበር፤ ጥፍር መቁረጫውን እንደያዘ እጄን ያያል።

«እናት፣ አመመሽ እንዴ?»

«አስገባኝ።»

«ምን?»

«አስገባኝ እልሃለሁ። ቀብር ነው።»

«ተራሽ ሆኖ ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ እንዴት አድርጌ ነው የማስገባሽ?»

«ፊትህ ያለው ሲሄድ አትከተለው። በቃ።»

«ተራ ማባከን ይሆንብኛል እኮ! ወደ ግራ ነው የሚያወርዱኝ።»

«አዎ፣ ያወርዱሃል።»

አንገቱን ገትሮ ፊት ፊቱን ማየት ጀመረ። ይህ ልጅ ተራ አስከባሪው ሲመጣ ገና ተማሪ ነበር፤ መንገድ የከለከለውም የለመነውም የለም። ግን ያቺን የድሮ አንገት ማንም ሳያስተምረው ያውቃታል። ሳቄ ሊመጣ ነበር።

ይህን ጊዜ እትዬ ሕሊና ተነሥተው አጠገቤ መጡና በትከሻዬ ላይ አልፈው እጃቸውን በመስኮቱ አወጡ። የጋብቻ ቀለበታቸው አሁንም ጣታቸው ላይ ነው።

«የእኔ ልጅ» አሉት። «ባሌ ቀድሞኝ ሄዷል።»

ልጁ ዞሮ አያቸው። የመሪው ቀለበት አረንጓዴ ሲሆን እኔም ካለሁበት አየሁት። ፊቱ ያለው መኪና ሄደ። ልጁ አልሄደም። አራት ሰከንድ እንዲህ ረጅም እንደሆነ ረስቼው ነበር። ከመኪናው ውስጥ «ተራዎን እያባከኑ ነው» የሚለው ድምፅ ተሰማኝ፣ ከእኔ በኩልም «ተራዎ አይደለም» የሚለው። አውቶቡሱን አስገባሁ። እጄን አንሥቼ አመሰገንኩት። ምን ማለት እንደሆነ ባያውቅም እሱም እጁን አነሣ፣ ከነጥፍር መቁረጫው። የጋሽ ሮቤልንም ልጆች፣ ሦስቱንም መኪኖች፣ አሳለፋቸው።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ ባለኝ። ከፊታችን ሠላሳ አራት መኪኖች ነበሩ። በግራ በኩል የቆሙት አውቶቡሱ ሲገባ አይተዋል። አንዷ አፍንጫዋን አስገባች፣ ሌላውም ተከተላት፣ ከዚያ ሁሉም። የቀኞቹ ዘጉ። ጉሮሮ ላይ የቀዘቀዘ ሥጋ የጫነ መኪናና አንዲት ነጭ መኪና አፍንጫ ለአፍንጫ ገጥመው ቆሙ። ከግማሽ ሰዓት በላይ ማንም አላለፈም። መስኮቶች በየረድፉ ተከፈቱ፣ ዘጠኝ ዓመት የተጠራቀመ ስድብም ወጣ። የማያውቁትን ሰው እናት የሚሳደቡ ልጆች ነበሩ፣ ስድቡንም በደንብ አልቻሉበትም። መሪው ላይ ግንባሬን ደፋሁ። ማሽኑ የመጣብን በዚህ ነው፣ ይገባናል አልኩ በሆዴ።

«ማኅደር፣ በሩን ክፈቺው።»

ጋሽ ናትናኤል ናቸው። ተነሥተው ቆመዋል። ከአውቶቡሱ ጣሪያ ሥር የተሰቀለውን የእድሩን የድሮ ጥሩንባ አውርደዋል፤ ክላክስ በከተማው ከተከለከለ ወዲህ ጌጥ ሆኖ የቀረውን።

«ጋሼ፣ እግርዎን ያምዎታል። ደግሞ መንገድ ላይ መውረድ…»

«በሩን።»

ከፈትኩ። ከዘራቸውን ተደግፈው በመኪኖቹ መሐል እያነከሱ ሄዱ። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ጥቁር ኮታቸው ከትከሻቸው ሰፍቷቸዋል። ጉሮሮ ላይ ሲደርሱ በሁለቱ መኪኖች አፍንጫ መካከል ቆሙና ጥሩንባውን ነፉት። ጥሩንባ ሰምቶ የማያውቅ ሁሉ ጭጭ አለ።

«ቀብር ነው!» አሉ። «የምሳሳተው አንድ ጊዜ ነው፤ ተሳስቻለሁ። አሁን አንድ ከዚህ፣ አንድ ከዚያ። ሌላ ሕግ የለም።»

«አባት፣ ሥጋው ይቀልጥብኛል!» ብሎ ጮኸ ባለ ሥጋ መኪናው።

«የእኛ ሰው ደግሞ አፈር ሊለብስ ነው። ወደ ኋላ በል፣ አንድ ክንድ ብቻ። ቀጥሎ አንተ ነህ። አንተን ካላሳለፍኩ በዚህ ከዘራ ምታኝ።»

ሰውየው ትንሽ አጉረመረመና ወደ ኋላ አለ። ጋሽ ናትናኤል ወደ ግራ ነፉ፤ ነጯ መኪና ገባች። ወደ ቀኝ ነፉ፤ ባለ ሥጋው ገባ። በመስኮቱ እጁን አውጥቶ አነሣላቸው። ከዚያ በኋላ የሚነገር ነገር አልነበረም። አንድ ከዚህ፣ አንድ ከዚያ፣ አንድ ከዚህ፣ አንድ ከዚያ። ሰው መዝጋት ሲፈልግ ወደ ጎን ያያል፣ ዓይን ያገኛል፣ ይተወዋል። አንዲት ልጅ እግር ሴት ሁለት መኪና አሳለፈች፤ ከኋላዋ ያሉት ሲጮኹባት «አንዱ የእናንተ ምርቃት ነው!» አለቻቸው። በሁሉም መኪና ውስጥ «ተራዎ አይደለም» እየተባለ ነበር፣ በአንድ ድምፅ፣ ልክ እንደ ቅዳሴ ተቀባይ። የሚሰማው ጠፋ።

ሠላሳ አራቱ መኪኖች በአሥራ አንድ ደቂቃ አለቁ። ሰዓቴን አይቼ የያዝኩት ነው፣ ለኋላ ይጠቅመኛል ብዬ። በአጠገባቸው ሳልፍ በሩን ከፈትኩላቸው። «ግቡ ጋሼ!» አልኳቸው።

«አንቺ ሂጂ» አሉኝ፣ ጥሩንባውን ከአፋቸው ሳያርቁ። «እኔ ገና ተራ አላስጨረስኩም።»

መቃብሩ ኮረብታ ላይ ነው። መብራታችንን እያበራን አራታችንም ተከታትለን ወጣን። ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል፤ ተራው ካለቀ አምስት ደቂቃ። የእትዬ ሕሊናን ክንድ ይዤ በሩጫ ደረስን። ሳጥኑ አልወረደም። ሳጥን የሚያወርደው ማሽን ቀይ መብራት እያበራ ይጮኻል፣ ቄሱ ደግሞ ከእሱ በላይ ጮኸው ዳዊት ይደግማሉ። ላብ አጥልቋቸዋል።

«ከላይ ሆኜ መብራታችሁን አየሁት» አሉን በኋላ። «ዘጠኝ ዓመት አንድም መኪና ከሬሳው ኋላ አይቼ አላውቅም። ፍትሐቱ ሲያልቅብኝ ዳዊቱን ጀመርኩት። ጸሎት ላይ እያለሁ ማውረድ አይፈቀድለትም፣ ማሽኑ ደንብ አክባሪ ነው።»

እትዬ ሕሊና ሳጥኑ ላይ እጃቸውን አሳረፉ። ያን ጊዜ አለቀሱ። እኛም አለቀስን፣ ሁላችንም፣ ሙሾ የሚያወርድ ጠፍቶ እንደ ሕፃን ዝም ብለን አለቀስን። ብቻውን አልገባም።

በሳምንቱ ባለሥልጣኑ ጠራኝ። ጉዳዬን የያዘችው አሜን የምትባል ትሑት ወጣት ናት። ወንበር ሳበችልኝ።

«እትዬ ማኅደር፣ እዚህ ጋ ብቻ ይፈርሙልኝ። ‹በሐዘን ምክንያት ደንግጬ ያደረግኩት ነው› ይላል። መንጃ ፈቃድዎ አይነካም።»

«አልደነገጥኩም።»

«ያው አባባል ነው እኮ።»

«የእኔ እመቤት፣ ዘጠኝ ዓመት ነው ደንግጬ የኖርኩት። የዚያን ቀን ነው የለቀቀኝ።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «መንገዱን ማን ሰጠዎት ለሚለው ምን ልሙላ?»

«ለመንኩ፣ ሰጡኝ።»

«እንደዚያ የሚል ምርጫ የለውም።»

«አሥራ አንድ ደቂቃ ነው የፈጀብን፤ የእናንተው ሰባ ብሎ ነበር። ይህስ የሚሞላበት ቦታ አለው?»

ወደ በሩ ተመለከተችና ድምፅዋን ቀነስ አደረገች። «ቁጥሩን አይቼዋለሁ» አለች። «የሚሞላበት ቦታ የለውም።» ከዚያ ድምፅዋን አስተካክላ የመጨረሻውን ጥያቄ አነበበች። «ድርጊቱ ይደገማል?»

«ይደገማል ብለሽ ጻፊ።»

ጻፈች። መንጃ ፈቃዴን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። ሠላሳ ሦስት ዓመት ቦርሳዬ ውስጥ የኖረ ነገር ነው፤ ጣቶቼን ከላዩ ለማንሣት ጊዜ ፈጀብኝ፣ አልዋሽም። ግን አልፈረምኩም።

መንጃ ፈቃዱን የተቀማ ሰው በባለሥልጣኑ መኪና ቤቱ ይደርሳል፤ ደንብ ነው። ሹፌር የሌላት፣ አንደኛ ደረጃ፣ አዲስ መኪና ናት። ብቻዬን ከኋላ ተቀመጥኩ። ከፊቴ ለአደጋ ጊዜ የሚጫኑት ቀይ ማቆሚያ አለ። በቀኙ መስመር ማንም ሳያቆመን ጉሮሮ ደረስን። በግራ በኩል መኪኖች እንደ ድሮው ቆመዋል፣ መስታወታቸው እንደ ድሮው ጥቁር ነው። ምንም አልተለወጠም ብዬ ፊቴን ላዞር ነበር።

አንዱ መስኮት ወረደ። ቀጭን ክንድ ወጣ። አወጣጡን አያውቅበትም፤ መዳፉ ወደ ሰማይ ነው፣ ዝናብ መጣ አልመጣ ብሎ እንደሚያይ ሰው። ጋሽ ሮቤል ቢያዩት ይሥቁበት ነበር። ግን ያወዛውዘዋል፣ ቀስ እያለ፣ ዓይኑም ዓይን እየፈለገ ነው።

ቀዩን ተጫንኩት። መኪናዋ ቀጥ አለች፣ ከኋላዬ ያለው ሁሉ ቆመ።

«አደጋ አልተገኘም» አለ ተራ አስከባሪው። «እባክዎ የቆሙበትን ምክንያት ይግለጹ።»

መስኮቱን አወረድኩና መዳፌን ገልብጬ ለልጁ አሳየሁት፤ እንዲህ ነው፣ ወደ መሬት። አስተካከለ። እለፍ አልኩት።

«ምክንያት ይግለጹ» አለ እንደገና።

«ሰው ለመነኝ» አልኩት።